ትራሴ ስር የተቀመጠልኝ ቢላዋ

ቢላዋውን ሦስት ጊዜ ደበቅሁት። ሦስት ጊዜም የሚወዱኝ ሰዎች ፈልገው አገኙትና መልሰው ትራሴ ስር አስቀመጡልኝ። ይህን የምጽፈው ማንንም ለመውቀስ አይደለም። እናንተም አራስ ቤት ገብታችሁ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብላችሁ፣ ገንፎ ቀምሳችሁ፣ ሕፃኑን አይታችሁ የምትወጡ ሰዎች ስለሆናችሁ ነው። እኔም እንደዚያ ነበርኩ። ስንት አራስ ቤት ገብቼ ወጥቻለሁ፤ አንድም ቀን የአራሷን ፊት ልብ ብዬ አላየሁም።

አገሬ ቡታጅራ ነው። ባለቤቴ ደምሴም የዚያው አገር ሰው ሲሆን ጭሮ ከተማ የብርድ ልብስና የአንሶላ ሱቅ አለው። ሲያገባኝ «በየበዓሉ እንመጣለን» ብሎ ለእናቴ ቃል ገብቶላት ነበር። በዓል ደግሞ ሱቅ የሚደምቅበት ቀን ነውና አንድም በዓል ሳንሄድ ሦስት ዓመት አለፈ። እናቴ እስከ ዛሬ ከተማውን የምትጠራው በድሮ ስሙ «አሰበ ተፈሪ» ብላ ነው፤ ስትጠራው ድምፅዋ ውስጥ ርቀቱ ይሰማኛል።

ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። ሰንበት አላስታጉልም፣ ጾም አልሽርም፤ አንድ ነገር ከመናገሬ በፊት ሁለት ጊዜ አስባለሁ። ኦሮምኛዬ ከሰላምታ አያልፍም ነበር። ገበያ ወጥቼ ሽንኩርቱንም ቲማቲሙንም በጣቴ እያመለከትኩ ገዝቼ እመለሳለሁ። በጫት ተራ በኩል ማለፍ ስለማልወድ መንገዱ ቢረዝምብኝም ዞሬ እሄድ ነበር። እዚያ ተቀምጠው የሚሳሳቁትን ሴቶች ሳይ በልቤ እፈርድባቸው እንደነበር አልደብቅም።

ልጄን ቤዛን ከመውለዴ ከአንድ ዓመት በፊት አንድ ፅንስ በስድስት ወሩ ጠፍቶብኛል። ወንድ ነበር። «ገና ልጅ ነሽ፣ እግዚአብሔር ይተካልሻል፣ አታልቅሺ» አሉኝ። አላለቀስኩም። ለቅሶ የተቀመጠለትም፣ ስሙን የጠራውም ሰው የለም። ደምሴ በሦስተኛው ቀን ሱቁን ከፈተ።

በእኛ ዘንድ የመጀመሪያ ልጅ የሚወለደው እናት ቤት ነው። ስምንተኛ ወሬን ስይዝ ልሄድ ሻንጣዬን አዘጋጅቼ ነበር፤ መንገዱ አያስተማምንም ተባለና ቀረሁ። እናቴም ወገቧን ያማታል፣ መኪና አትችልም። ስለዚህ ጭሮ ወለድኩ። የባለቤቴ እኅት ጥሩነሽ መጥታ ሃያ ቀን አረሰችኝና የራሷን ልጆች ትታ ስለመጣች ተመለሰች።

ልጄ ሴት ስለሆነች ክርስትናዋ በሰማንያ ቀን ነው፤ እኔም እስከዚያ ቤተ ክርስቲያን አልገባም። በዚህ ከተማ ውስጥ ያለ ሀፍረት ተቀምጬ የማለቅስበት ቦታ ያ ብቻ ነበር። ማንንም ሳልጠይቅ ደግሞ የጸሎት መጽሐፌንም መንካት የማይገባኝ መሰለኝና በነጭ ጨርቅ ጠቅልዬ ቁምሳጥኑ ላይ አስቀመጥኩት።

ቢላዋውን ያመጣችልኝ እትዬ አልማዝ ናት። ከግድግዳችን ወዲያ ያለች፣ ከአርባ ዓመት በላይ ጭሮ የኖረች፣ ለሰፈሩ ሁሉ እናት የሆነች ሴት ናት። ከጤና ጣቢያ በተመለስኩበት ቀን ጥቁር እጀታ ያለው የወጥ ቤት ቢላዋ ይዛ ገባች።

«አራስና ጨቅላ ያለ ብረት አይተኙም» አለችና ትራሴ ስር አስገባችው። «ደጅ ስትወጪም ትይዢዋለሽ። ልጅቷ ካለችበት ብረቱ አለ። ሰማሽኝ የኔ ልጅ?»

«ሰምቻለሁ እትዬ።»

እናቴም ብትሆን ይህንኑ ታደርግ ነበርና በዚያን ቀን ደስ አለኝ።

በሁለተኛው ሳምንት አንድ ቀን ጠዋት፣ ጥሩነሽ ውሃ ልትቀዳ ወጥታ ነበር፤ ልጄ ጡቴን ይዛ እንቅልፍ ወስዷታል። ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ጉንጯ ላይ አርፋለች። ክንዴን ለማሳረፍ ትራሱን ስጎትት የቢላዋው እጀታ እጄን ነካኝ። ያኔ አንድ ምስል በአእምሮዬ አለፈ። ምን እንደነበር አልጽፈውም። የዓይን ጥቅሻ ያህል ቆይቶ ሄደ፤ እኔ ግን ከዚያ በኋላ የበፊቷ ሴት አይደለሁም። ልጄን አልጋው ላይ አስተኝቼ እስከ በሩ ድረስ ወደ ኋላዬ ሄድኩ። ጥሩነሽ ጀሪካኗን ይዛ ስትገባ እዚያው ቆሜ አገኘችኝ።

«ምነው? ምን አየሽ?»

«ምንም።»

ምስሉ ተመለሰ። ሳጠባት፣ ሳጥባት፣ ሳለብሳት ይመጣል። ባልፈልገውም ይመጣል፤ ባልፈለግሁት መጠን ይበልጥ ይመጣል። ቢላዋውን ወጥ ቤት ወስጄ መደርደሪያው ላይ ከሳህን ጀርባ ደበቅሁት። ጥሩነሽ ሳህን ስታጥብ አገኘችውና «አራስ ነሽ፣ ትረሻለሽ» ብላ እየሳቀች መለሰችው። ቁምሳጥኑ ጀርባ ጣልኩት። ጥሩነሽ ልትሄድ ስትል ቤቱን ስታጸዳ አገኘችው። ሦስተኛውን ጊዜ ጓሮ፣ ከአሮጌ ቆርቆሮ ስር ከተትኩት። እሱን ያገኘችው እትዬ አልማዝ ናት። ፊቷ ተለዋወጠ። «ብረቱን እያራቀ ያለው ማን እንደሆነ አውቄያለሁ። እሱ ነው እንዲህ የሚያደርገው፣ ክፉው ነው» አለችና ቢላዋውን አጥባ መለሰችው፤ መቀስም ጨመረችልኝ። ጠበልም አመጣችልኝ፤ ጠጣሁ። እውነት ለመናገር አመንኳት። ክፉው እኔ ውስጥ ያለ መሰለኝ።

ለደምሴ አንድ ቀን ምሳ ሊበላ ሲመጣ ነገርኩት፤ መንገር ከተባለ።

«ቢላዋውን ሱቅ ውሰድልኝ።»

«ለምን?»

«እንዲሁ። አልወደድኩትም።»

ሳቀ። «ሴትዮዋ ትገድለኛለች! ተይው ባክሽ፣ ምን አደረገሽ?» አለና ልጅቷን ስሞ ወጣ።

ምን አደረገሽ። መልሱ አፌ ላይ ነበር። ግን የልጅቷ እናት እንዲህ ታስባለች ብዬ ለአባቷ በምን ቋንቋ ልንገረው? ለእናቴ ስደውልላት «እያለቀስሽ ነው እንዴ? ወተትሽ ይደርቃል» ትለኛለች፤ እስቃለሁ። ለአራስ የሚፈቀደው ደስታ ብቻ ነው። መብላት ተውኩ። ለመኝታ ልጄን አልጋው ላይ አድርጌ እኔ ወለል ላይ፣ በሩ አጠገብ እተኛለሁ። ስታለቅስ ብቻ እጄን ታጥቤ አነሳታለሁ፣ አጥብቼ ቶሎ አስቀምጣታለሁ። ለደምሴ «አልጋው ወገቤን አመመኝ» አልኩት፤ አመነኝ።

በሠላሳ ሰባተኛው ቀን፣ ረፋድ ላይ፣ ደምሴ ሱቅ ነበር፤ እትዬ አልማዝ ለቅሶ ሄዳለች። ቤት ውስጥ እኔና ልጄ፣ ቢላዋውና መቀሱ ብቻ ቀረን። ልጄን አጠብኳት፣ አጠባኋት፣ ንጹሕ ልብስ አለበስኳት። ቢላዋውን በጨርቅ ጠቅልዬ ብብቴ ስር ያዝኩ። መጀመሪያ ያሰብኩት ድልድዩ ጋ ሄጄ ልጥለው ብቻ ነበር። ይህን አምናችሁ ተቀበሉኝ።

ከሠላሳ ቀን በላይ ደጅ ስላልወጣሁ ብርሃኑ ዓይኔን ወጋኝ። ባጃጅ አስቆምኩ። ሹፌሩ ጎልማሳ ሰው ነው። ስገባ ጨርቁ ተገልጦ እጀታውን አየ። ደንግጬ ልሸፍነው ስል፣

«ጎበዝ እናት!» አለኝ። «የዘንድሮ አራሶች ብረት መያዝ ትተዋል። ስንት ቀኗ ነው?»

«ሠላሳ ሰባት።»

«ማሻአላህ። ታድላ፣ ጠንቃቃ እናት አላት።»

መንገዱን ሁሉ እጀታውን በነጠላዬ ሸፍኜ ያዝኩ።

ድልድዩ ላይ ሰው ሞልቶ ነበር። ዘንበል ብዬ ብጥለው የሚያየኝ ሰው ምን ይላል ብዬ ፈራሁ። ጥቂት ራመድ አልኩና ክንዴን አላላሁት፤ ቢላዋው ከነጨርቁ የመንገዱ ቦይ ውስጥ ወደቀ። ወደ ኋላ ሳላይ ፈጠንኩ። ሃያ እርምጃ እንኳ አልሄድኩም።

«አቦ እህቴ! ቁሚ! ብረትሽ ወደቀ!»

ጀሪካን የያዘች ሴት ናት። ጀሪካኗን መንገድ ላይ አስቀምጣ፣ ቦይ ውስጥ ወርዳ፣ ቢላዋውን በሻርፗ ጫፍ ጠርጋ፣ እያለከለከች ሰጠችኝ።

«ሕፃን ይዘሽ ያለ ብረት! አላህ ያሳድግልሽ» አለችኝ።

ለአራተኛ ጊዜ ተመለሰልኝ። ያኔ ውስጤ የነበረ አንድ ነገር ተበጠሰ። ከዚህ ብረት ጋር ተቆራኝተናል፣ እኔ ካለሁበት እሱ አለ፣ ስለዚህ ልጄ ያለ እኔ መኖር አለባት አልኩ። ሐሳቡ እንደ ትክክለኛ ሒሳብ ግልጽ ሆኖ ታየኝ። ሳላለቅስ፣ ሳልቸኩል፣ ሁልጊዜ ዞሬ የማልፈውን ጫት ተራ ፊት ለፊት ሄድኩበት።

ከሴቶቹ መካከል አንዷን መረጥኩ። ዕድሜዋ ከሃምሳ ያለፈ፣ ወፍራም፣ የተቀደደ ጃንጥላ ስር እርጥብ ጆንያ ዘርግታ ጫት በገመድ እያሰረች ከጎረቤቷ ጋር የምትሳሳቅ ሴት ናት። የመረጥኳት ስለምትስቅ ነው። ልጄ የሚስቅ ሰው እጅ ላይ እንድትሆን ፈለግሁ።

«እናቴ፣ አንድ ጊዜ ይያዙልኝ፤ ዳይፐር ገዝቼ መጣሁ» አልኩ።

ቀና ብላ አየችኝ። እጇን በቀሚሷ ጠረገችና ዘረጋች። «ኮቱ፣ ነይ የኔ ቆንጆ! ስሟ ማነው?»

«ቤዛ።»

«ቤዛ! እዪዋት ስታፈጥብኝ! እንደ ቀረጥ ሰብሳቢ ነው የምታየኝ!» አለች፤ ጎረቤቷ ሳቀች። ልጄን ሰጠኋት። እጄ ባዶ ሲሆን ቅለት ተሰማኝ፤ ያ ቅለት እስከ ዛሬ ያስፈራኛል። ቢላዋውን ብብቴ ስር አጥብቄ ያዝኩና ወደ መናኸሪያው ሄድኩ።

«አዳማ! አዳማ! ሁለት ሰው የቀረው አዳማ!» ይላል ተራ አስከባሪው። ገብቼ መስኮት አጠገብ ተቀመጥኩ። አዳማ እደርሳለሁ፣ ከዚያ ቡታጅራ፣ ከዚያ እናቴ እግር ስር። ከዚያ ወዲያ ያለውን አላሰብኩም። ከሠላሳ ሰባት ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ መጽሐፍ ሳልይዝ፣ ጸለይኩ። «እመቤቴ ሆይ፣ አንቺ ልጅሽን ይዘሽ ተሰደድሽ። እኔ ልጄን ከራሴ ላድናት ትቻት እየተሰደድኩ ነው። አንቺው ፍረጂ» አልኩ።

ከኋላዬ አንድ ሕፃን አለቀሰ፤ የሌላ ሰው ሕፃን ነው። ወተቴ ያለ ፈቃዴ ፈሰሰ። ቀሚሴ ደረቱ ራሰ። በነጠላዬ ሸፈንኩት፤ ነጠላውም ራሰ። አጠገቤ የተቀመጡ ሽማግሌ አይተው ዓይናቸውን ወደ ሌላ አዞሩ።

መኪናው ሞተሩን አስነሳ። በዚህ ጊዜ መስኮቱ በመዳፍ ተመታ። ጫት ሻጯ ናት፤ ልጄን በሻርፕ ደረቷ ላይ አስራ፣ ላብ በላብ ሆና ቆማለች።

«ቡኢ» አለችኝ፤ «ውረጂ» ማለቷ ነው።

«አልወርድም።»

በሩን ከፍታ አንድ እግሯን አስገባች። ተራ አስከባሪው፣ ጢሙ ሽበት የጀመረው ሰው፣ መጣ። «አዴ ሙሚና፣ ምን እያደረግሽ ነው? መኪናው ሞልቷል!»

«ታዲያ ይሙላ! ከወረደች ይጎድላል።»

«ኧረ ጫትሽን ፍየል እየበላው ነው!»

«ይብላው! ምርቃናው ሲወጣለት አንተን ይወጋሃል!» አለችው። ተሳፋሪው ሳቀ። እሷ ግን ዓይኗን ከእኔ አልነቀለችም። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጠየቀችኝ። «ኢንተላ፣ ልጄ፣ ምን ሆነሽ ነው?»

«ልጅቷን ያሳድጓት። እኔ አልሆናትም።»

«እሱን አልጠየቅሁሽም። ብረቱን ለምን ይዘሽ ሄድሽ?»

ቢላዋውን በክንዴ ይበልጥ ጨመቅሁት።

«ስሚኝ። ልጅ ለሰው ትቶ የሚሄድ ሰው አይቻለሁ። ብረቱን ከልጁ ጋር ነው የሚተወው፤ ብረቱ የልጁ ነው። አንቺ ልጅሽን ለማላውቅሽ ለእኔ ሰጥተሽ ብረቱን ብብትሽ ስር ደበቅሽ። ወላሂ ያኔ ነው የገባኝ። ልጅሽን አልጠላሽም። ልጅሽን ከብረቱ እያሸሸሽ ነው።»

መኪናው ውስጥ ማንም አይስቅም ነበር። ለባሌ፣ ለእናቴ፣ ለእትዬ አልማዝ ያልወጣልኝ ቃል በዚያ ሁሉ ሰው መካከል ወጣ። «እፈራለሁ» አልኩ። «በሱ አንድ ነገር አደርጋት ይሆናል ብዬ እፈራለሁ። ሳልፈልግ ይታየኛል። ቀንም ያው ነው። እናቴ፣ እኔ ሰው አይደለሁም።»

ትጮኻለች፣ ልጄን ይዛ ትሸሻለች ብዬ ጠበቅሁ። እሷ ግን ራሷን ነቀነቀች፤ የገበያ ዋጋ እንደሰማ ሰው።

«የእኔ በርሜል ነበር» አለች።

«ምን?»

«የውሃ በርሜል። የሦስተኛው ልጄ ጊዜ፣ ቦኬ ገጠር ነበርን። ባሌ ወደ ጅቡቲ ሄዶ ነበር። በዚያ በርሜል አጠገብ ባለፍኩ ቁጥር ይታየኛል። ልጁን ይዤ ውጭ ፀሐይ ላይ እቀመጥ ነበር፤ ቤት አልገባም። አማቴ፣ አላህ ይማራትና ክፉ ሴት ነበረች፣ ምን ሆነሽ አለችኝ፤ ነገርኳት። ምን ያደረገች ይመስልሻል?»

«ምን አደረገች?»

«ክዳኑን ገጥማ ላዩ ላይ ተቀመጠችበት። ሽንኩርቷን እዚያ ትልጣለች፣ ቡናዋን እዚያ ትጠጣለች፣ እዚያው ሆና ትሰድበኛለች። እኔ እስክድን ከዚያ በርሜል ላይ አልወረደችም።» እጇን ዘረጋች። «አሁን ብረቱን ስጪኝ። እኔ ገመድ እቆርጥበታለሁ፣ መቁረጫዬ ዶልዱሟል። ልጅቷን ግን አንቺ ታጠቢያታለሽ፤ ርቧታል፣ ይኸው ጡቴን እያሰሰች ነው፣ ደረቄን!»

እጀታውን ወደ እሷ አዙሬ ሰጠኋት። ሽማግሌው ተነሥተው መውጫ ሰጡኝ። ወርጄ መናኸሪያው መሬት ላይ ተቀመጥኩ። እዚያው፣ አቧራው ላይ፣ ልጄን አጠባኋት። አዴ ሙሚና፣ «እናት ሙሚና» እንደማለት ነው፣ ፀሐዩን በቀሚሷ ከልላ ቆመች። ለሠላሳ ሰባት ቀን ያላለቀስኩትን፣ ከዚያም በፊት ለወንዱ ልጄ ያላለቀስኩትን፣ አለቀስኩ። የሚያልፍ ሰው ቆሞ ሲያይ «ምን ታያለህ? ሰው ሲያለቅስ አይተህ አታውቅም? ሂድ!» ትላለች።

ከዚያ ተያይዘን ጤና ጣቢያ ሄድን። ልጄን ይነጥቁኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። ያየችን ነርስ በሩን ዘግታ ዝም ብላ አዳመጠችኝ። «ልጅሽን መጉዳት ትፈልጊያለሽ?» አለችኝ። «እኔ ልሙት እንጂ!» አልኩ። «ራስሽንስ?» አለችኝ። ዋሽቼ ማለፍ እችል ነበር፤ ደክሞኛል። «ባልኖር ይሻል ነበር ብዬ አስባለሁ» አልኩ። አልደነገጠችም። ጻፈች። ከዚያም ስላለፈው ፅንስ፣ ስለ እናቴ፣ ስለ እንቅልፌ፣ አጠገቤ ማን እንዳለ ጠየቀችኝ። ማን እንዳለ ስትጠይቀኝ ብዙ ጊዜ አሰብኩ። በመጨረሻ ወደ አዴ ሙሚና አመለከትኩ፤ ካወቅኋት ሁለት ሰዓት እንኳ አልሞላም።

«ይህ ሕመም ነው» አለችኝ ነርሷ። «ከወሊድ በኋላ ይመጣል። በተለይ ብቻዋን ለሆነች፣ ሐዘን ላልወጣላት። አእምሮሽ የምትፈሪውን ነገር ነው የሚያሳይሽ። ሕክምና አለው። ግን ከዛሬ ጀምሮ ብቻሽን አትውዪም፣ ብቻሽን አታድሪም።» ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ ያዘችልኝና ደምሴን ስልክ ጠራችው።

ደምሴ የሱቁን ቁልፍ እንደያዘ መጣ። ነርሷ ስትነግረው ቁልፉን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው ያዘዋውር ነበር። ስትጨርስ ቁልፉን ኪሱ ከተተው።

«ውሰድልኝ ብለሽኝ ነበር» አለ በመጨረሻ። «ቢላዋውን። ሳቅሁብሽ።»

«አልነገርኩህም እኮ።»

«ነግረሽኝ ነበር» አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

በዚያ ቀን ዳንኩ ብዬ አልዋሻችሁም። ሐኪሙ ያዘዘልኝ መድኃኒት እስኪሠራ ሳምንታት ፈጀ። ምስሉ ወዲያው አልሄደም። አንዳንድ ቀን ያ ሚኒባስ ሄዶ ቢሆን ኖሮ እል ነበር። ልዩነቱ፣ ሲመጣብኝ «መጣ» የምለው ሰው ነበረኝ። አዴ ሙሚና ጫቷን ከሸጠች በኋላ ጆንያዋን አጥፋ ትመጣና ሳሎን ትቀመጣለች። ደምሴ ሱቁን ቀደም ብሎ ይዘጋል። እትዬ አልማዝ ግን ሁሉን ከሰማች በኋላም ተጨንቃለች።

«እሺ፣ ቢላዋው ይቅር። ግን ያለ ብረት? ጨቅላ ያለ ብረት?»

«እትዬ አልማዝ፣ ሚስማር ብረት አይደለም?» አለቻት አዴ ሙሚና።

እትዬ አልማዝ አሰበች። ደምሴን መዶሻ አስመጣችና ከበሩ መቃን በላይ፣ የእኔ እጅ ከማይደርስበት፣ አንድ ትልቅ ሚስማር አስመታችው። «አሁን እንቅልፍ ይወስደኛል» አለች። ከዚያ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጣ እጄን ያዘችኝ። «ሦስት ጊዜ መለስኩልሽ አይደል?» አለችኝ። «አንዱን ብቻ ነው እርስዎ የመለሱት» አልኳት። እየሳቀች አለቀሰች።

የንስሐ አባቴንም ቤት ድረስ አስመጣን። መጽሐፌን ጠቅልዬ ማስቀመጤን ስነግራቸው አዘኑ። «ልጄ፣ እስከ ሰማንያ ቀን ከመቅደሱ ዘገየሽ እንጂ ከእግዚአብሔር ማን ከለከለሽ? መድኃኒትሽንም ዋጪ፣ ጸሎትሽንም ጸልዪ» አሉኝ። ብጠይቃቸው ኖሮ በመጀመሪያው ሳምንት ይነግሩኝ ነበር። አልጠየቅሁም። ጥንቃቄዬ ሁሉ በዝምታ ላይ ነበር።

በሰማንያኛው ቀን ልጄ ክርስትና ስትነሣ አዴ ሙሚና ከአጥሩ ውጭ፣ ዛፍ ስር፣ አዲስ ሻርፕ ለብሳ ጠበቀችን። ስንወጣ ቤዛን ተቀብላ «ቀረጥ ሰብሳቢዋ መጣች!» አለች።

አንባቢዎቼ፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። አራስ ቤት ስትገቡ ሕፃኑ ማንን ይመስላል የሚለውን ቆይታችሁ ጠይቁ። መጀመሪያ እናቱን «ምን ያስፈራሻል?» በሏት። ከአገሯ የራቀች ከሆነች፣ ከዚያ በፊት ልጅ የጠፋባት ከሆነች፣ አልጋው እያለ ወለል የምትተኛ ከሆነች፣ ሁለት ጊዜ ጠይቋት። «እንዲሁ፣ አልወደድኩትም» ካለቻችሁ አትሳቁ። የፈራችውን ነገር ከፊቷ አንሱላት፤ ወደ ሐኪም ይዛችኋት ሂዱ፤ አጠገቧም ተቀመጡ። ክፉ ሴት ናት የተባለችው የአዴ ሙሚና አማት በርሜሉ ላይ ተቀምጣ ያደረገችውን እኛ ደጋጎቹ አላደረግነውም።

ቤዛ አሁን አራት ዓመቷ ነው። እናቴ ዘንድ ሁለት ጊዜ ወስጃታለሁ። ኦሮምኛ ከእኔ ይልቅ እሷ ትናገራለች፤ ጫት ተራ ውስጥ የማያውቃት ሰው የለም። ባለፈው ቅዳሜ ከገበያ ስንመለስ አዴ ሙሚና ጋ አረፍ አልን። ሁለት እጇ ጫት እንደያዘ፣ የገመዱን ጫፍ በጥርሷ ነክሳ፣ በአገጯ ወደ ጆንያው አመለከተችኝ። ጥቁር እጀታ ያለው ቢላዋ እዚያ ነበር። ስለቱ በመሳል ብዛት ቀጥኗል። ከዚያ ቀን ወዲህ ነክቼው አላውቅም። ቤዛ ጉልበቴን ተደግፋ የጫት ቅጠል ትቆጥራለች።

አነሣሁት። ገመዱን ቆረጥኩላትና ቢላዋውን ቦታው መለስኩ። ልጄ ቀና ብላ እንኳ አላየችም፤ መቁጠሯን ቀጠለች።